የመሃንነትን መንስኤ ለማወቅ አልትራሳውንድ ምን ያሳያል? ምንስ አያሳይም?

ከጋብቻ በኋላ ልጅ ሲዘገይ፣ በገጠርም ሆነ በከተማ ጥያቄው አስቀድሞ የሚያርፈው በሴቷ ላይ ነው። አማት ይጠይቃሉ፣ ጎረቤት ያንሾካሹካል፣ ሽማግሌ ይላካል። አንዳንዱ ትዳርም ችግሩ ከማን እንደሆነ ሳይታወቅ በፍቺ ይፈርሳል። ወደ ሕክምና የሚሄዱ ሴቶች ብዙ ጊዜ አስቀድመው የሚያገኙት ምርመራ አልትራሳውንድ ነው። ከፊሎቹ «ማሕፀንሽ ጤነኛ ነው» ተብለው ይመለሳሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ «ሲስት አለሽ» የሚል ቃል ሰምተው ደንግጠው ይወጣሉ። ሁለቱም ውጤቶች ብቻቸውን የመጨረሻ ፍርድ አይደሉም።

አልትራሳውንድ የመሃንነትን መንስኤ ለመፈለግ ከሚያገለግሉ መሣሪያዎች ዋነኛው ቢሆንም ሁሉንም ነገር አያሳይም። የሚያሳየውንና የማያሳየውን ለይቶ ማወቅ ጥንዶችን ከተደጋጋሚ ወጪ፣ ከአላስፈላጊ ቀዶ ሕክምና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተመልሶ ከማይገኝ ጊዜ ብክነት ያድናል።

መሃንነት በሕክምና ሲተረጎም

የዓለም ጤና ድርጅት መሃንነትን የሚተረጉመው የወንድ ወይም የሴት የመራቢያ አካል የጤና ችግር አድርጎ ነው። ጥንዶች የወሊድ መከላከያ ሳይጠቀሙ ለ12 ወራትና ከዚያ በላይ መደበኛ የግብረ ሥጋ ግንኙነት እየፈጸሙ እርግዝና ካልተፈጠረ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ባደረገው ሪፖርት መሠረት፣ በዓለም ላይ ከ6 አዋቂ ሰዎች አንዱ ገደማ በሕይወት ዘመኑ በሆነ ወቅት ይህ ችግር ያጋጥመዋል።

ጨርሶ ያላረገዘች ሴት ብቻ ሳትሆን፣ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ወልዳ ከዚያ በኋላ ማርገዝ ያቃታትም በዚህ ትርጉም ውስጥ ትገባለች። ዕድሜዋ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሴት አንድ ዓመት ሙሉ መጠበቅ አይኖርባትም፤ 6 ወር ሞክራ ካልሆነ ወደ ሐኪም መሄድ ይመከራል። የወር አበባዋ ለወራት የሚጠፋባት፣ ቀደም ሲል ከባድ የማሕፀን ኢንፌክሽን የያዛት ወይም ከማሕፀን ውጭ ያረገዘች ሴት ደግሞ ሳትዘገይ መመርመር አለባት።

በገጠር ብዙ ሴቶች የሚጠቀሙበት በየሦስት ወሩ የሚሰጠው የወሊድ መከላከያ መርፌ መሃን አያደርግም። ሆኖም ከተቋረጠ በኋላ የማርገዝ አቅም እስኪመለስ ከሌሎቹ ዘዴዎች የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ 10 ወር ገደማ ሊቆይ ስለሚችል፣ መርፌውን ያቆመች ሴት ይህን ለሐኪሙ መናገር ይኖርባታል።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል። አልትራሳውንድ ከዚያ በላይ የሆነውንና ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ የሚጠቀም መሣሪያ ነው። ለሕክምና የሚውለው ድምፅ በሰከንድ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ጊዜ ይርገበገባል። ባለሙያው በእጁ የሚይዘው ፕሮብ የሚባለው መመርመሪያ ድምፁን ወደ ሰውነት ይልካል፤ ከአካል ክፍሎች ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ገደል ማሚቶ ተቀብሎም በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ምስል ያደርገዋል። በምስሉ ላይ ፈሳሽ ጥቁር፣ ሥጋ ግራጫ፣ አጥንትና ድንጋይ መሰል ነገር ነጭ ሆኖ ይታያል። አየር ድምፁን ስለሚያግድ ቆዳ ላይ ጄል ይቀባል።

መሣሪያው እንደ ራጅ ጨረር አይጠቀምም፤ ስለዚህ በሐኪም ትእዛዝ መደጋገሙ ማሕፀንንም ሆነ ዕንቁላልን አይጎዳም። ይህን ዘዴ ወደ ማሕፀን ሕክምና ካስገቡት ቀዳሚው በስኮትላንድ የግላስጎው ከተማ ሐኪም ኢያን ዶናልድ ናቸው። እርሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው ብረት ውስጥ ስንጥቅ ለመፈለግ ያገለግል ከነበረ መሣሪያ ተነስተው፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የሆድ ውስጥ እጢዎችን በድምፅ ሞገድ ስለመመርመር ያገኙትን ውጤት አሳትመዋል። ዛሬ ይኸው ጥበብ ከነፍሰ ጡር እናቶች ክትትል አልፎ በእንስሳት ሕክምናም የላም እርግዝና ይለይበታል።

በሆድ በኩልና በብልት በኩል

የማሕፀን አልትራሳውንድ በሁለት መንገድ ይሠራል። የመጀመሪያው በሆድ ላይ የሚደረገው ነው። ለዚህ ሴቷ ከምርመራው አንድ ሰዓት ገደማ በፊት በርከት ያለ ውኃ ጠጥታ ሽንቷን እንድትይዝ ትጠየቃለች። የሞላው የሽንት ፊኛ አንጀትን ወደ ጎን ገፍቶ ድምፁ ወደ ማሕፀን እንዲያልፍ መንገድ ይከፍታል። ሽንት ቤት ገብታ የመጣች ሴት ምስሏ ሊደበዝዝ ስለሚችል እንድትጠብቅ ትደረጋለች።

ሁለተኛው ቀጭን መመርመሪያ በብልት በኩል በማስገባት የሚደረገው ነው። ለዚህ ደግሞ ሽንት መሸናት ያስፈልጋል። መመርመሪያው በኮንዶም ተሸፍኖ ወደ ማሕፀን አፍ ይጠጋል እንጂ ወደ ማሕፀን ውስጥ አይገባም። ለማሕፀንና ለእንቁልጢ ቅርብ ስለሆነ ከመጀመሪያው ይልቅ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል፤ ለመሃንነት ምርመራ የሚመረጠውም እርሱ ነው። መጠነኛ ምቾት ማጣት ቢኖርም አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ሴቷ አስቀድሞ ማብራሪያ የማግኘት፣ የሚያጅባት ሰው አብሯት እንዲሆን ወይም ሴት ባለሙያ እንድትመረምራት የመጠየቅ፣ ካልፈለገችም እምቢ የማለት መብት አላት። ግብረ ሥጋ ግንኙነት ፈጽማ ለማታውቅ ሴት በሆድ በኩል ያለው ይበቃል።

ቀን መቁጠር ለምን ያስፈልጋል?

የሴት ማሕፀንና እንቁልጢ በወር አበባ ዑደት ውስጥ በየቀኑ ይለዋወጣሉ። በመሆኑም በገበያ ቀን ወይም መኪና በተገኘበት ቀን የተነሳ ምስል፣ ሐኪሙ የሚፈልገውን ሳያሳይ ሊቀር ይችላል። ቀኑ የሚቆጠረው ደም በደንብ መፍሰስ ከጀመረበት ዕለት ሲሆን፣ ያ ዕለት 1ኛ ቀን ይባላል።

ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ በእንቁልጢ ውስጥ ያሉት ትናንሽ የዕንቁላል ከረጢቶች ይቆጠራሉ። ደሙ ካቆመ በኋላ እስከ 10ኛው ቀን ገደማ ያለው ጊዜ የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን ስስ የሚሆንበት ስለሆነ፣ በውስጡ ያለ ፖሊፕ ወይም እጢ ጎልቶ ይታያል። ከ10ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ደግሞ ዕንቁላል እያደገ መሆኑንና መውጣቱን በተከታታይ ማየት ይቻላል።

የኢትዮጵያ ወራት ከጳጉሜን በቀር እኩል 30 ቀን መሆናቸው ለዚህ ቆጠራ ይመቻል። ለምሳሌ የወር አበባዋን መስከረም 20 ቀን ያየች ሴት፣ 3ኛ ቀኗ መስከረም 22፣ 10ኛ ቀኗ መስከረም 29፣ 14ኛ ቀኗ ጥቅምት 3 ይሆናል። ቢያንስ የሦስት ወር መነሻ ቀናትን በወረቀት መዝግቦ ለሐኪም ማሳየት ከብዙ ጥያቄና ከዳግም ምልልስ ያድናል።

በማሕፀን ላይ የሚታዩ ችግሮች

ባለሙያው የማሕፀንን መጠን፣ ቅርጽና የግድግዳውን ሁኔታ ይመለከታል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማዮማ የሚባለው የማሕፀን እጢ ነው። ማዮማ በአብዛኛው ካንሰር ያልሆነ የጡንቻ እድገት ሲሆን፣ በመሃንነት ላይ ያለው ተጽዕኖ ከመጠኑ ይልቅ በተቀመጠበት ቦታ ይወሰናል። ወደ ማሕፀን ውስጠኛ ክፍል የገባና ክፍተቱን ያጣመመ ማዮማ ጽንስ እንዳይቀመጥ ሊያደርግ ይችላል። በማሕፀን ውጫዊ ገጽ ላይ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ እርግዝናን አይከለክልም። ስለዚህ «ማዮማ አለሽ» የተባለች ሴት ወደ ቀዶ ሕክምና ከመሄዷ በፊት ልትጠይቀው የሚገባው ጥያቄ፦ «የት ነው ያለው? የማሕፀኔን ውስጠኛ ክፍል ነክቷል?» የሚለው ነው።

ፖሊፕ ከማሕፀን ሽፋን ላይ የሚበቅል ትንሽ ሥጋ ሲሆን፣ ከወር አበባ ውጭ የደም ጠብታ ሊያስከትል ይችላል። ከውርጃ ወይም ከወሊድ በኋላ በተደረገ የማሕፀን ጠረጋ ምክንያት ግድግዳዎቹ እርስ በርስ የሚጣበቁበት ሁኔታም አለ፤ ይህ ሲሆን የወር አበባ ሊያንስ ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። አንዳንድ ሴቶች ደግሞ ሲፈጠሩ ጀምሮ ማሕፀናቸው በመሐሉ በግርዶሽ የተከፈለ ይሆናል። ይህን ለመለየት ባለ ሦስት ገጽታ አልትራሳውንድ ከተራው የተሻለ ነው።

ሐኪሙ ጥርጣሬ ሲኖረው በቀጭን ቱቦ ንጹሕ የጨው ውኃ ወደ ማሕፀን አስገብቶ በአልትራሳውንድ ይመለከታል። ውኃው ተጣብቆ የነበረውን ክፍተት ሲለያየው፣ በውስጡ የተደበቀ ፖሊፕ ወይም ማዮማ በጥቁሩ ውኃ መካከል ጎልቶ ይወጣል። ይህ ምርመራ እርግዝና ወይም ኢንፌክሽን ባለበት ጊዜ አይደረግም።

በእንቁልጢ ላይ የሚታዩ ነገሮች

እንቁልጢ ከማሕፀን ግራና ቀኝ የሚገኝ፣ ዕንቁላል የሚያሳድግ አካል ነው። በየወሩ ከብዙዎቹ ትናንሽ ከረጢቶች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ተመርጦ ያድጋል። ይህ ከረጢት በቀን 2 ሚሊ ሜትር ገደማ እያደገ፣ ዲያሜትሩ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይፈነዳና ዕንቁላሉ ይወጣል። በተከታታይ የሚደረግ አልትራሳውንድ ይህን ሂደት ያሳያል፤ ዕንቁላል ሳያድግ ወይም ሳይወጣ የሚቀርበትን ዑደትም ይለያል።

«ሲስት» የሚለው ቃል ብዙ ሴቶችን የሚያስደነግጠው በዚህ ቦታ ነው። በዑደቱ መሐል የታየ ውኃ የቋጠረ ከረጢት የጤናማ ዕንቁላል ቤት ሊሆን ይችላል። ሳይፈነዳ የቆየ ተራ የውኃ ከረጢትም ብዙ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ዑደት በኋላ ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ሐኪሞች አደገኛ ምልክት ካላዩ በስተቀር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግመው እንዲታይ ያዝዛሉ። ወፍራም ደም የቋጠረና በምስሉ ላይ ጭጋጋማ ግራጫ የሚመስል ከረጢት ግን ኢንዶሜትሪዮሲስ የተባለውን በሽታ ሊያመለክት ይችላል። ይህ በሽታ የማሕፀን ሽፋንን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ የሚበቅልበት ሲሆን፣ ከባድ የወር አበባ ሕመምና የግንኙነት ሕመም ምልክቶቹ ናቸው። በስሱ የተሰራጨው ዓይነት በአልትራሳውንድ ላይታይ ስለሚችል፣ ምስሉ ንጹሕ ቢሆንም የሕመሙ ታሪክ መነገር አለበት።

ሌላው በብዛት የሚነሳው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ በአንድ እንቁልጢ 20 እና ከዚያ በላይ ትናንሽ ከረጢቶች መታየታቸውን ከምልክቶቹ አንዱ አድርጎ ይወስዳል። ይሁን እንጂ ምስሉ ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም። የወር አበባ መዛባት፣ የወንዴ ሆርሞን መብዛት፣ እንዲሁም የእንቁልጢው ምስል ወይም ተዛማጅ የደም ምርመራ ከሚባሉት ሦስት መመዘኛዎች ሁለቱ መሟላት ይኖርባቸዋል። ችግሩ ከተረጋገጠም ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም፤ ዕንቁላል እንዲያድግ የሚያደርጉ ክኒኖች አሉ፤ የሰውነት ክብደቷ ለጨመረ ሴትም ጥቂት መቀነስ ሊያግዛት ይችላል።

የከረጢቶቹ ቁጥር በጣም ማነስ የዕንቁላል ክምችት መቀነሱን ይጠቁማል። ይህ ግን «አትወልጂም» ማለት አይደለም፤ ጊዜ ሳይባክን ወደ ስፔሻሊስት መሄድ እንደሚገባ የሚያሳስብ ነው።

አልትራሳውንድ የሚያመልጠው፦ የማሕፀን ቱቦዎች

ዕንቁላልና የወንድ ዘር የሚገናኙት በማሕፀን ቱቦዎች ውስጥ ነው። ቱቦዎቹ ቀጫጭኖች ስለሆኑ ጤናማ ሲሆኑ በተራ አልትራሳውንድ አይታዩም። ተዘግተው ውኃ ቢቋጥሩና ቢያብጡ ይታያሉ፤ ተዘግተው ውኃ ካልቋጠሩ ግን ላይታዩ ይችላሉ። ስለዚህ «ማሕፀንሽ ጤነኛ ነው» የሚል የአልትራሳውንድ ውጤት ቱቦዎቹ ክፍት ናቸው ማለት አይደለም። ብዙ ጥንዶች ለዓመታት የሚንከራተቱት ይህ ልዩነት ስላልተነገራቸው ነው።

ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገራት የቱቦ መዘጋት ከሴቶች መሃንነት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን ነው፦ በጊዜ ያልታከመ ጨብጥና ክላሚዲያ፣ ንጽሕናው ባልተጠበቀ ሁኔታ የተፈጸመ ውርጃ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የማሕፀን ኢንፌክሽን፣ እንዲሁም ወደ ማሕፀን የደረሰ የሳንባ ነቀርሳ ይጠቀሳሉ። ክላሚዲያ በብዙ ሴቶች ላይ ምልክት ሳያሳይ ጉዳት ያደርሳል። ባልየው ሳይታከም ሚስት ብቻ ብትታከም ደግሞ በሽታው ተመልሶ ይይዛታል።

የቱቦዎቹን ክፍት መሆን ለማወቅ ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ። አንደኛው በማሕፀን አፍ በኩል በራጅ የሚታይ ፈሳሽ አስገብቶ ራጅ ማንሳት ሲሆን፣ ኤች.ኤስ.ጂ. ተብሎ ይጠራል። ሁለተኛው ልዩ ፈሳሽ ወይም አረፋ አስገብቶ ሲያልፍ በአልትራሳውንድ መመልከት ነው። ሁለቱም የወር አበባ ካቆመ በኋላ፣ ዕንቁላል ከመውጣቱ በፊት ይደረጋሉ። እንደ ወር አበባ ያለ ቁርጠት ሊኖር ይችላል። ከምርመራው በኋላ ትኩሳት፣ የሚብስ የሆድ ሕመም ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከታየ ግን በአስቸኳይ ወደ ሕክምና መመለስ ያስፈልጋል።

ባል ካልተመረመረ ምርመራው ግማሽ ነው

ዘሩን ሳያይ መሬቱን ብቻ የሚወቅስ አራሽ የለም። በመሃንነት ግን ይህ ይሆናል። ከጥንዶች እስከ ግማሽ በሚደርሱት ላይ ችግሩ በወንዱ ብቻ ወይም በሁለቱም ዘንድ ይገኛል። ሴቷ ለተደጋጋሚ አልትራሳውንድ፣ ለመድኃኒትና ለመንገድ ገንዘብ ከማውጣቷ በፊት ወይም ጎን ለጎን ባልየው የዘር ፈሳሽ ምርመራ ማድረግ አለበት።

ምርመራው ቀላልና ሕመም የሌለው ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ ናሙና መስጠት ብቻ ይጠይቃል። የዘር ብዛት፣ እንቅስቃሴና ቅርጽ ይታያል። የወንድ ዘር ተመርቶ እስኪደርስ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚወስድ፣ የመጀመሪያው ውጤት ዝቅ ካለ ሐኪሙ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ እንዲደገም ሊያዝ ይችላል። በጉርምስና ወይም ከዚያ በኋላ ከያዘ ጆሮ ደግፍ ጋር የመጣ የፍሬ ማበጥ፣ የአባላዘር በሽታ፣ የፍሬ ደም ሥር መስፋትና ሲጋራ ማጨስ የወንድን ዘር ሊጎዱ ከሚችሉት መካከል ናቸው። ግንኙነት መፈጸም መቻል ዘሩ ጤናማ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ከዚህ ቀደም ልጅ መውለድም እንዲሁ።

የት መጀመር? ምን መያዝ?

መነሻው በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። እዚያ የሁለቱም ታሪክ ተወስዶ፣ የአባላዘር በሽታና የደም ምርመራ ተደርጎ፣ እንደ አስፈላጊነቱ የማሕፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ወዳለበት ሆስፒታል ይላካሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የሪፈራል ወረቀት ይዘው መሄድ ይኖርባቸዋል፤ ከመነሳታቸው በፊትም መድኑ የትኛውን ምርመራ እንደሚሸፍን ቢጠይቁ በመንገድ ላይ ከሚመጣ ችግር ይድናሉ። ቱቦዎቻቸው ለተዘጉ ወይም የዘር ችግሩ ለበረታ ጥንዶች በላቦራቶሪ ጽንስ የመፍጠር ሕክምና አለ። በመንግሥት ደረጃ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመሃንነት ሕክምና ማዕከል በ2011 ዓ.ም ሥራ ጀምሯል።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ የቀድሞ የአልትራሳውንድና የላቦራቶሪ ወረቀቶችን ሁሉ፣ የወር አበባ ቀናት መዝገብንና የተወሰዱ መድኃኒቶችን ስም መያዝ ይገባል። ወረቀት የጠፋባት ሴት ያንኑ ምርመራ እንደገና እንድትከፍል ትገደዳለች። ከአልትራሳውንድ ክፍል ስትወጣም ቢያንስ አራት ጥያቄዎችን ብትጠይቅ ይጠቅማታል፦ ምርመራው በዑደቴ ስንተኛ ቀን ተደረገ? የታየው ነገር እርግዝናን ይከለክላል ወይስ አይከለክልም? ቱቦዎቼ ተመርምረዋል? የባለቤቴ ምርመራስ?

ጸበል የምትጠመቅ ወይም ጸሎት የያዘች ሴት ምርመራዋን ማቋረጥ አያስፈልጋትም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል። በብልት ውስጥ የሚደረግ የባሕል መድኃኒት ግን ቁስልና ኢንፌክሽን አስከትሎ፣ ያልነበረ ችግር ሊያመጣ ስለሚችል መወገድ አለበት። የወር አበባዋ ቀርቶ በአንድ ጎን ከባድ የሆድ ሕመም፣ ደም መፍሰስ ወይም ራስ መሳት ያጋጠማት ሴት ደግሞ ከማሕፀን ውጭ ያረገዘች ልትሆን ስለምትችል፣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ወደ ሆስፒታል መወሰድ ይኖርባታል።

ምርመራው ሁሉ ተደርጎ መንስኤው የማይገኝላቸው ጥንዶችም አሉ። ለእነርሱም ቢሆን ሕክምና አለ፤ ከመካከላቸውም ያለ ሕክምና የሚያረግዙ አሉ። መንስኤው ተገኘም አልተገኘ፣ ሁለቱም ሳይመረመሩ በአንዷ ላይ የሚሰጥ ፍርድና በዚያ ፍርድ ምክንያት የሚፈርስ ትዳር ግን የሕክምና መሠረት የለውም።